አሁን ልውለድ፣ ልቆይ ወይስ እንቁላሌን ላስቀምጥ? ምርጫዎቹ በዕድሜ ሲነጻጸሩ

«ቤት ይድረሰንና።» «ማስተርሴን ልጨርስና።» «እሱ ሥራ ይያዝና።» አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ የሚዘገይበት ምክንያት ብዙ ነው። አብዛኛውም ቅንጦት አይደለም። የቤት ኪራዩ ይታወቃል። የሞግዚት ደመወዝ ይታወቃል። የሚሆን ሰው አለማግኘትም አለ። በሌላ ወገን እናት፣ አክስትና ጎረቤት ቡና በተፈላ ቁጥር «ልጅ በልጅነት ነው» ይላሉ። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። ግን ሁለቱም በቁጥር አያወሩም። ያለ ቁጥር ደግሞ ይህን ጉዳይ መወሰን ከባድ ነው።

ስለዚህ ቁጥሩን ይዘን ምርጫዎቹን ጎን ለጎን እንያቸው። አሁን መጀመር አለ። መከላከያ እየተጠቀሙ መቆየት አለ። እንቁላል አስወጥቶ ማስቀመጥ አለ። ቆይቶ በአይ.ቪ.ኤፍ. (እንቁላሉንና የወንድ ዘሩን ከሰውነት ውጭ አገናኝቶ ወደ ማህፀን በመመለስ) መሞከርም አለ። የምጽፈው ልጅ ለምትፈልግ፣ «መቼ» የሚለው ግን ላልተቆረጠላት ሴት ነው። ልጅ የማትፈልጊ ከሆነ መብትሽ ነው። የመከላከያውን ክፍል ብቻ አንብቢ።

መጀመሪያ ስንት ልጅ?

ሁሉም ሰው «መቼ» ብሎ ይጀምራል። እኔ «ስንት» የሚለው ይቅደም ባይ ነኝ። አንድ ልጅ የሚበቃትና ሦስት የምትፈልግ ሴት ዕድሜያቸው እኩል ቢሆን እንኳ የቀራቸው ጊዜ እኩል አይደለም።

የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ስሌት አለ። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ የምፈልገውን ያህል ልጅ የማግኘት ዕድሌ 90 በመቶ እንዲሆን መሞከር የምጀምረው ቢበዛ በስንት ዓመቴ ነው? ያለ አይ.ቪ.ኤፍ. አንድ ልጅ ለምትፈልግ 32 ሆነ። ሁለት ለምትፈልግ 27፣ ሦስት ለምትፈልግ 23። አይ.ቪ.ኤፍ. ቢጨመርበት ደግሞ 35፣ 31 እና 28። ዝቅ ያለ ዕድል የሚበቃት ሴት ከዚህም በላይ መቆየት ትችላለች። 90 በመቶ ማለት «አደጋ አልፈልግም» ለምትል ሴት የተሰላ ነው። በ37 የጀመረች ልጅ አታገኝም ማለት አይደለም።

ለኛ ከተማ ዋናው ቁጥር የሁለት ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ትወልዳለች። አዲስ አበባ ላይ 1.8 ነው። እንግዲህ ሂሳቡን በራስሽ ላይ አስቢው። በ35 ጀመርሽ እንበል። ለማርገዝ ስድስት ወር ፈጀ። እርግዝናው ዘጠኝ ወር ነው። ከወሊድ በኋላ ሌላ ከማርገዝ በፊት ሁለት ዓመት መቆየት ይመከራል። ሁለተኛውን ስትሞክሪ 38 አልፎሻል። የሚገርመው፣ ብዙዎቻችን የምንቆጥረው እስከ መጀመሪያው ልጅ ድረስ ብቻ ነው።

አንድ የከተማችን ስሌት ልጨምር። በ2005 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲካሄድ 24 ዓመቷ የነበረች ሴት በ2017 ዓ.ም. 36 ሞልቷታል። ቤቱን መጠበቋ የሷ ጉዳይ ነው። እንቁላሎቿ ግን እንደ ኮንዶሚኒየሙ ገንዘብ ቁጠባ ላይ አልነበሩም። ወጪ ላይ ነበሩ።

በሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርስ እንቁላል ይዛ ትወለዳለች። ከዚያ በኋላ አዲስ አይጨመርም። የመጀመሪያው ወር አበባ ሲመጣ ከ300 እስከ 400 ሺህ ገደማ ይቀራል። 37 ዓመት አካባቢ 25 ሺህ ገደማ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ የሚወስነው ግን ጥራቱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ እንቁላሉ ክሮሞዞሞቹን (የዘር ውርስ ተሸካሚዎቹን) በትክክል መከፋፈል ያቅተዋል። የማርገዝ ዕድል የሚቀንሰውም፣ ጽንስ የሚጨናገፈውም ባብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው።

በ20ዎቹና በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ ካሉ አራት ጤናማ ሴቶች አንዷ በአንድ ወር ሙከራ ታረግዛለች። 40 ላይ ከአሥር አንዷ ናት። የታወቀ እርግዝና መጨናገፍ በ20ዎቹ ከአሥር አንድ ገደማ ነው። 40 ላይ ከሦስት አንድ ገደማ ይደርሳል። ዳውን ሲንድረም (በአንድ ትርፍ ክሮሞዞም የሚመጣ የአእምሮ እድገት ዝግመት) ያለበት ልጅ የመውለድ ዕድል በ30 ዓመት ከ940 አንድ፣ በ35 ከ353 አንድ፣ በ40 ከ85 አንድ ነው። የመጨረሻውን ገልብጠሽም አንብቢው። በ40 ዓመታቸው ከሚወልዱ 85 እናቶች የ84ቱ ልጆች ዳውን ሲንድረም የለባቸውም።

35 ላይ የሚዘጋ በር የለም። ቁልቁለቱ ከ30ዎቹ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ይጀምርና ከ37 በኋላ ይፈጥናል።

«ወር አበባዬ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፣ ምን ቸገረኝ» የምትል ሴት አትጠፋም። ወር አበባ 50 ዓመት አካባቢ እስኪቆም ድረስ መምጣቱን ሊቀጥል ይችላል። በራስ እንቁላል መውለድ ግን ከማረጥ ብዙ ዓመታት ቀድሞ ያበቃል። በ47 እና በ48 ወለዱ ሲባል የምንሰማቸው የውጭ ዝነኞችም ብዙ ጊዜ የሚወልዱት በሌላ ወጣት ሴት እንቁላል ነው። ዜናው ይህን አይጨምርም።

አሁን መጀመር

ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም ቀላሉ ይህ ነው። ትዳር ወይም የተረጋጋ ግንኙነት ካለሽ፣ ሁለታችሁም ልጅ ከፈለጋችሁ፣ ዕድሜሽም 35 ካለፈ፣ የኔ አስተያየት ግልጽ ነው፦ ጀምሪ። ቤቱም ሥራው ላይ ያለው እድገትም ከልጅ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ሙከራው ሳይንስ አይፈልግም። በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ መገናኘት ይበቃል። እርግዝና የሚፈጠርባቸው ቀናት እንቁላሉ የሚወጣበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት አምስት ቀናት ናቸው። ወር አበባዋ በየ28 ቀኑ ለሚመጣ ሴት እንቁላሉ የሚወጣው 14ኛው ቀን አካባቢ ነው። ስልክ ላይ ያለ መተግበሪያ ይረዳል፤ ግን ግምት መሆኑን አትርሺ።

አንድ ነገር ከመጀመርሽ በፊት አድርጊ። ፎሊክ አሲድ ጀምሪ፤ በቀን 0.4 ሚሊ ግራም፣ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት። የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ብዙ ሴት በዚያን ጊዜ ማርገዟን ገና አታውቅም። በኢትዮጵያ በዚህ ክፍል ላይ ጉድለት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት ቁጥር ከፍተኛ ነው። ክኒኑ ርካሽ ነው፣ ፋርማሲ ሁሉ ይገኛል። የስኳር ሕመም ካለብሽ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ እርግዝና ገጥሞሽ ከነበረ መጠኑ ስለሚለይ ሐኪም ይወስንልሽ።

እስከ መቼ በራስ መሞከር? ከ35 በታች ከሆንሽ አንድ ዓመት። 35 ካለፈሽ ስድስት ወር። 40 ከሞላሽ ሳትጠብቂ ወደ ሐኪም። ወር አበባሽ የሚዘባረቅ ከሆነ፣ ማዮማ (የማህፀን ዕጢ) እንዳለብሽ ከተነገረሽ ወይም ከባድ የማህፀን ኢንፌክሽን ታመሽ ከነበረ በ25 ዓመትሽም ቢሆን አትጠብቂ።

ጉዳቱስ? የሥራው ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። (አዎ፣ ሦስት።) ከዚያ በኋላ ያለውን የልጅ ጥበቃ ነገር ከማርገዝሽ በፊት ከባልሽ ጋር ተነጋገሪበት። እናትሽ ወይም አማትሽ ቀርበው ሊረዱሽ ይችላሉ ወይ? ሞግዚት ለመቅጠር ምን ያህል ይበቃችኋል? ይህን ሳትነጋገሩ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ብሎ መግባት ሸክሙን አንቺ ላይ ይጥላል።

መቆየት፣ ግን በየትኛው መከላከያ?

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው። ብዙ ሴት የምትሳሳተው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ሳትወልጂ መከላከያ አትጀምሪ፣ ትመክኛለሽ» የሚለውን ያልሰማች የለችም። እውነት አይደለም። ክኒኑም፣ መርፌውም፣ በክንድ የሚቀበረውም፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕም መካን አያደርጉም። በሌላ በኩል «ክኒን ስወስድ እንቁላሌ ይቆጠብልኛል» የሚሉም አሉ። እሱም እውነት አይደለም። ክኒን ወሰድሽም አልወሰድሽም እንቁላሎቹ በየወሩ እየሟሸሹ ይሄዳሉ። መከላከያ ሰዓቱን አያቆምም፣ አያፈጥንምም። በ27 ጀምራ በ36 ያቆመች ሴት ለማርገዝ ከተቸገረች ተጠያቂው ባብዛኛው ዘጠኙ ዓመት ነው። ስሙ የሚጠፋው ግን የክኒኑ ነው።

በመከላከያዎቹ መካከል እውነተኛ ልዩነት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ካቆምሽ በኋላ የማርገዝ አቅምሽ በምን ያህል ፍጥነት ይመለሳል?

የሦስት ወር መርፌ በአገራችን ከሁሉ የበለጠ የተለመደ ነው። በዚያው በ2016ቱ ጥናት ዘመናዊ መከላከያ ከሚጠቀሙ ባለትዳሮች ከሦስት ሁለቱ ገደማ የሚወጉት እሱን ነው። ምክንያቱ ይገባኛል። የሚረሳ ክኒን የለም፣ ማንም አያይብሽም፣ የትም ጤና ጣቢያ አለ። ግን ከሁሉም ዘግይቶ የሚለቅ እሱ ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል፤ የሚበልጥባቸውም አሉ። መስከረም ላይ የመጨረሻውን ከተወጋሽ ሐምሌን አስቢ። ለ26 ዓመት ሴት ይህ ምንም አይደለም። 36 ላይ ሆና «በሚቀጥለው ዓመት እንሞክራለን» ለምትል ሴት ግን ትልቅ ጊዜ ነው። ልጅ ለመውለድ ካሰብሽበት ጊዜ በፊት ሁለት ዓመት ካለሽ መርፌው ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ቀይሪው።

በክንድ የሚቀበረው ኢምፕላንት እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ይሠራል። አስተማማኝነቱ ከሁሉም በላይ ነው። በዓመት ከ1,000 ተጠቃሚዎች አንዷ ገደማ ብቻ ታረግዛለች። ሲወጣ አቅሙ ወዲያው ይመለሳል። «3 ዓመት» ሲባል 3 ዓመት መጠበቅ ግዴታ የሚመስላት አለች። አይደለም። በስምንተኛው ወርሽ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ሄደሽ ታስወጪዋለሽ። ዋናው ቅሬታ የደም መዘባረቅ ነው። አንዳንዷ ወር አበባ ይጠፋባታል፣ አንዳንዷ ትንሽ ትንሽ እየፈሰሰ ያሰለቻታል።

ሉፕ (ባለ መዳቡ) ሆርሞን የለበትም። 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። በወጣበት ወር ማርገዝ ይቻላል። በአገራችን ተጠቃሚው ጥቂት ነው። ወደ ልብ ይወጣል፣ ወንዱን ይወጋል የሚል ወሬ አበላሽቶታል። ያላገባችና ያልወለደች ሴትም ልትጠቀምበት ትችላለች። ጉዳቱ ወር አበባን ማብዛቱና ቁርጠት ማምጣቱ ነው፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ድሮም ወር አበባዋ የሚበዛ ሴት ሌላ ብትመርጥ ይሻላታል። መውለድ ጨርሳ 40 ያለፋት ሴት ግን አንዴ አስገብታ እስከ ማረጥ ልትቆይበት ትችላለች።

ክኒን በአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ይለቃል። በየቀኑ መዋጡ ነው ፈተናው። እንደ ሰው ልማድ እየረሱ ሲወስዱት በዓመት ከ100 ሴቶች 7ቱ ያረግዛሉ። ዕድሜ እዚህም ይገባል። 35 ያለፋትና የምታጨስ፣ ደም ግፊት ያለባት ወይም ዓይኗን እያጭበረበረ የሚጀምር ማይግሬን ያለባት ሴት የተለመደውን ባለ ሁለት ሆርሞን ክኒን መውሰድ የለባትም። ፋርማሲ ገብተሽ ከመግዛትሽ በፊት ግፊትሽን ተለኪ።

ኮንዶም ለመከላከያነት ከነዚህ ይደክማል። ግን ሌሎቹ የማይሠሩትን አንድ ሥራ ይሠራል፤ የማህፀን ቱቦሽን ይጠብቃል። ክላሚዲያና ጨብጥ ብዙ ሴት ላይ ምልክት ሳያሳዩ ቱቦ ይዘጋሉ። በአፍሪካ ለመካንነት ከሚዳርጉ ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው የቱቦ መዘጋት ነው። እንቁላልሽ የ27 ዓመት ሆኖ ቱቦሽ ከተዘጋ ዕድሜሽ አይጠቅምሽም። አዲስ ግንኙነት ላይ ያለሽ ሴት ኢምፕላንትም ቢኖርሽ ኮንዶሙን አትተዪ።

ፖስት ፒል እንደ ስሙ ለድንገት ነው። ያለ መከላከያ ከተገናኘሽ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው የሚወሰደው፣ በቶሎ ቢሆን ይመረጣል። ማህፀን አያበላሽም። በየሳምንቱ የሚገዛ ከሆነ ግን ደካማ መከላከያ ነው፣ ወር አበባንም ያዘባርቃል።

የኔ ምርጫ ልናገር? ከ30 በላይ ሆና «ምናልባት በዓመት፣ ምናልባት በሁለት ዓመት» ለምትል ሴት ኢምፕላንት ወይም ሉፕ። ሁለቱም በፈለግሽ ቀን ይለቁሻል። የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ይሰጣል። መሀል ከተማ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበርም አለ፤ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሊያስገባልሽ የሚፈጥን ሁሉ ለማስወጣት አይፈጥንም። ከመጀመርሽ በፊት «ስፈልግ እዚሁ ታወጡልኛላችሁ?» ብለሽ ጠይቂ።

«ምን ያህል እንደቀረኝ ልመርመር»

ኤ.ኤም.ኤች. የሚባል የደም ምርመራ አለ። የቀረውን የእንቁላል ብዛት ይገምታል። ሰሞኑን በጓደኛሞች መካከል ወሬው በዝቷል። ለአይ.ቪ.ኤፍ. ወይም እንቁላል ለማስቀመጥ ለምትዘጋጅ ሴት ይጠቅማል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን የሚመጥነው በሱ ነው። ለሌላዋ ግን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ከ30 እስከ 44 ዓመት ያሉ፣ የመካንነት ታሪክ የሌላቸውን ሴቶች ተከታትሏል። ኤ.ኤም.ኤች. ዝቅ ያለባቸው በተፈጥሮ ለማርገዝ ከሌሎቹ አልዘገዩም። ብዛትን እንጂ ጥራትን አይለካማ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስላየሽ «እስከ 40 ልቆይ» ማለትም፣ ዝቅ ብሎ ስላየሽ ማልቀስም ያለ ቦታው ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚጠቅም ምርመራ የሱ ነው። የወንድ ዘር ምርመራ ርካሽ ነው፣ አያምም፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ልጅ ካልመጣባቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ አለበት። እኛ ጋ ግን ሴቷ ራጅና አልትራሳውንድ ስትመላለስ ዓመት ያልፋል። እሱ «እኔማ ጤነኛ ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። ከ40 በኋላ የወንዱም ዕድሜ ይቆጠራል፤ ከሴቷ ቀስ ይበል እንጂ። አማትሽ «መካን ናት» ለማለት ከመቸኮላቸው በፊት የልጃቸው ውጤት ይቅረብ።

እንቁላል ማስቀመጥ

ይህ በተለይ ያላገባችና የምትፈልገውን ሰው ገና ያላገኘች ሴት ምርጫ ነው። «ቆሞ ቀር» እያለ ከሚያሸማቅቅ ሰው ጋር መቸኮልን የሚያስቀር መንገድ ነው፤ ይህ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ከ10 እስከ 14 ቀን ገደማ የሆርሞን መርፌ ትወጊያለሽ። በየጥቂት ቀኑ አልትራሳውንድ አለ። ከዚያ በማደንዘዣ እንቁላሎቹ ይወጣሉ፣ በፍጥነት ይቀዘቅዛሉ፣ ይቀመጣሉ። የአሜሪካ የመራባት ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ዘዴውን ከ«ሙከራ ላይ» ዝርዝር አውጥቶታል።

ውጤቱን የሚወስነው ያስቀመጥሽበት ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የአሜሪካ ስሌት 20 የበሰሉ እንቁላሎች ያስቀመጠች ሴት ቢያንስ አንድ ልጅ የማግኘት ዕድሏን እንዲህ አስቀምጦታል፦ በ34 ዓመቷ ከሆነ 90 በመቶ፣ በ37 ከሆነ 75 በመቶ፣ በ42 ከሆነ 37 በመቶ። በአንድ ዙር 20 ማግኘት ደግሞ ለብዙዎች አይሆንም። ዕድሜ ሲገፋ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ይቀንሳል፤ ሁለትና ሦስት ዙር ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ ተገላቢጦሽ አለው። በ29 ዓመት ምርጥ እንቁላል ታስቀምጫለሽ፣ ግን ላያስፈልግሽ ይችላል። በ40 በጣም ያስፈልግሻል፣ ግን የምታስቀምጪው ደካማ ነው። ካደረግሽው ከ32 እስከ 36 ባለው ጊዜ አድርጊው። ካስቀመጡት ሴቶችም አብዛኞቹ ተመልሰው አይጠቀሙበትም።

«መብራት ቢጠፋስ?» ትያለሽ። ጥሩ የአዲስ አበባ ጥያቄ ነው። እንቁላል የሚቀመጠው በኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሳይሆን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። መብራት ሲጠፋ አይሞቅም። ናይትሮጅኑ ግን እየተነነ ስለሚቀንስ በየጊዜው መሞላት አለበት። ስለዚህ ማዕከሉን የምትጠይቂው «ናይትሮጅኑን ማን፣ በየስንት ጊዜው ይሞላል፣ መቆጣጠሪያውስ ምንድን ነው?» ብለሽ ነው። የዓመቱን የማስቀመጫ ክፍያም አትርሺ። ተዋውለሽ ፈርሚ።

ቆይቶ በአይ.ቪ.ኤፍ.

«ካልሆነ አይ.ቪ.ኤፍ. አለ» የሚለው አባባል ያስፈራኛል። አይ.ቪ.ኤፍ. የተዘጋ ቱቦን ያልፋል፣ ደካማ የወንድ ዘርን ያግዛል። ያረጀ እንቁላልን ግን አያድስም። በአሜሪካ መረጃ ከ35 በታች ያሉ ሴቶች በራሳቸው እንቁላል ሲሞክሩ ከአንድ ዙር ግማሽ ያህሉ ይወልዳሉ። ከ42 በላይ ከ20 አንዷ ገደማ ናት።

እዚሁ አገር ተጀምሯል። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የከፈተው ማዕከል በመንግሥት ተቋም ደረጃ የመጀመሪያው ነው። የግልም አለ። ህንድ፣ ቱርክና ታይላንድ የሚሄዱም ብዙ ናቸው። ስታነጻጽሪ የዙሩን ዋጋ ብቻ አትይ። መድኃኒቱ ለብቻው ነው ወይ? ውጭ አገር ከሆነ ትኬቱ፣ ማረፊያው፣ ከሥራ የምትቀሪበት ጊዜ፣ ዶላሩ ከየት ይመጣል? የማዕከሉን ውጤት ስትጠይቂም «ስንቶቹ አረገዙ» በሚለው አትርኪ። «በኔ ዕድሜ ካሉት ስንቶቹ ልጅ ታቅፈው ወጡ?» በዪ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ በተለይ ከ40 በላይ፣ ትልቅ ነው።

ጠበሉም፣ የቁልቢ ስለቱም ይቀጥል። ሐኪሙ ይቅር የሚል ካህን አልሰማሁም። ጠበል ላይ ሁለት ዓመት ቆይቶ ከዚያ ወደ ሐኪም መሄድ ግን ለ38 ዓመት ሴት ውድ ነው። ጎን ለጎን ይሂዱ።

ጉዲፈቻም በዚህ ንጽጽር ውስጥ ቦታ አለው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለጉዲፈቻ አድራጊ 25 ዓመት መሙላትን ይጠይቃል፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው ቢሞሉ ይበቃል። የሚጸድቀው በፍርድ ቤት ነው። እንቁላል የማይጠይቅ ብቸኛው መንገድ ነው።

ሐኪም ጋ ስትሄጂ

ጋንዲ፣ ዘውዲቱ፣ ጥቁር አንበሳ ወይም የግል ክሊኒክ፣ የትም ብትሄጂ ዝግጅቱ አንድ ነው። የስድስት ወር የወር አበባ ቀኖችሽን ጽፈሽ ያዢ። የተጠቀምሽውን መከላከያና ያቆምሽበትን ቀን ጨምሪ። የድሮ አልትራሳውንድና የቀዶ ሕክምና ወረቀት ካለ አትተዪው፤ አለበለዚያ ሁሉም እንደ አዲስ ይታዘዝልሻል። የሆርሞን ደም ምርመራ ብዙውን ጊዜ ወር አበባ በመጣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ነው የሚወሰደው። የቱቦ ራጅ ደግሞ ደሙ ከቆመ በኋላ፣ እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ነው። ቀጠሮውን በዚያ ቀን አስይዢ፤ በማይሆን ቀን ሄደሽ «በሚቀጥለው ወር ነይ» መባል ይቀርልሻል። ባልሽም አብሮሽ ይምጣ። ዘሩን ለመመርመር ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መታቀብ ስለሚያስፈልገው፣ ይህን ከሳምንት በፊት ንገሪው።